ሁለተኛው ድምፅ ብቻውን የወጣ ዕለት

ኤል ካሪሶ፣ ሐሊስኮ፣ ሜክሲኮ
እሑድ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2019

ውድ ኩካዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ብርዱስ? ካልሲ ደራርቢ ያልኩሽን እየደረብሽ ነው ወይስ “እሺ” ብለሽ እንደ ልማድሽ ረሳሽው? ስልክሽ ከሐሙስ ጀምሮ አይገባም። የጎረቤታችን የዶኛ ቹይ ልጅ “በረዶ ጥሎ መስመሩን አበላሽቶት ነው፣ እኔም ያለሁበት እንደዚያው ነው አሉኝ” ብሎ አረጋጋኝ። አልተረጋጋሁም። ግን ልጁ ነገ ወደ ካናዳ ስለሚመለስ ይሄን ደብዳቤ ይዞልሽ ይመጣል ብዬ ተቀመጥኩ። ደረቅ ቃሪያና የእናትሽን የተምር ሂንዲ ከረሜላ አብሬ ልኬያለሁ። ቃሪያው በጋዜጣ የተጠቀለለው ነው፣ እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን እንዳትነኪ።

እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናቸው። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ጣሪያው በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ማፍሰሱን ትቶ በኩሽናው በኩል ጀምሯል፣ እሱን ተይው። ዋናው ነገር ልጃችን ኦዲሊያ ናት። አትደንግጪ፣ ደህና ናት። እንዲያውም በጣም ደህና ናት፣ ችግሩም እሱ ነው። በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ፤ ካልሆነ እኔም ይምታታብኛል፣ አንቺም መሃል ላይ ትናደጃለሽ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትፍረጂ።

አንደኛ፣ ውድድሩ። እንደምታውቂው የጓዳላሃራው የዘፈን ትምህርት ቤት ከኛ ወረዳ የሚወስደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ምርጫውም በሙዚቀኞች ጠባቂ በቅድስት ሴሲሊያ ቀን አደባባዩ ላይ ነው። ሌሎቹ ልጆች ወላጅ ደስ እንዲለው የሚወዳደሩ ናቸው እንጂ፣ ነገሩ በሁለት ሰው መካከል መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል። በኛ በኩል ኦዲሊያ፣ በባራሓሶች በኩል ደግሞ የሮሄሊዮ ልጅ፣ ፋውስቲኖ፣ ቲኖ የሚሉት። አንቺ ስትሄጂ ድምፁ ገና እየተሰነጠቀ ነበር። አሁን ተስተካክሎለታል። በጣም ተስተካክሎለታል።

ሁለቱ እንዴት እንደሚሰዳደቡ ሳትሰሚ አልቀረሽም፤ የመስከረሙን ግን አላጫወትኩሽም። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ለድግሱ አንዱ አጎቷ የኛን የማሪያቺ ሙዚቃ ቡድን ቀጠረ፣ ሌላው አጎቷ ደግሞ ሳይነግረው የባራሓሶቹን። ሁለት ቡድን፣ ሁለት ጎራ ጡሩምባ፣ አንድ ጠባብ ግቢ። እኛ ገና በሩን ስናልፍ ቲኖ ከወዲያ ጮኸ።

“ጫጩቷ መጣች! ድመት ያላችሁ እሰሩ!”

ኦዲሊያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ምን ብትል ጥሩ ነው?

“ፍየሉም እዚህ ነው! አበባውን ከጠረጴዛ ላይ አንሱለት!”

ሰው በሳቅ ሞተ። ከዚያ አንዱ ሲዘፍን ሌላዋ ስትመልስ፣ አንዷ ስትወጋ ሌላው ሲወጋ፣ ባለ ልደቷ እስክትረሳ ድረስ። ግን አንድ ነገር አየሁ። ኦዲሊያ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ሰቅላ ስትይዘው ሁሉም ሲያጨበጭብ ቲኖ አላጨበጨበም። ጫማውን ነበር የሚያየው፣ ጆሮው ቲማቲም መስሎ። ያኔ “ቀንቶ ነው” አልኩ። እኔ ምን አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ምልክቶቹ። ሳልነግርሽ የቀረሁት እንዳላሳስብሽ ብዬ ነው። ሀ፣ ዳቦ ቤቱ በራችን ላይ ሆኖ ልጅቷ ዳቦ ልትገዛ ገበያው ጀርባ ድረስ መሄድ ጀመረች። ለ፣ ለጉሮሮዬ ብላ የምታፈላው የቀረፋ ውሃ ለሁለት ሰው ጉሮሮ የሚበቃ ሆነ። ሐ፣ ቲኖን መስደብ አቆመች። እንዲያውም አንድ ቀን ቶርቲያ እየበላን “ትንፋሽ አያያዙ ግን ጥሩ ነው” አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። እናትሽ ወጡን አማሰሉ፣ ምንም አላሉም። እናትሽ ምንም ካላሉ መጠርጠር ነበረብኝ።

በጣም ያስጨነቀኝ ግን አራተኛው ነው። ዳኞቹ ለሁሉም የሰጡት ዘፈን ያንን የድሮውን፣ የወንዝ ማዶውን ነው። አዎ፣ የኛን። አንቺ ከላይ እኔ ከታች በየሰርጉ የዘፈንነውን። ከዝናቡ ወራት ጀምሮ እኔ ትልቁን ባለ ወፍራም ድምፅ ጊታር፣ ጊታሮኑን ይዤ፣ እሷ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ በየቀኑ ተለማመድነው። መጨረሻው ላይ ያለውን ሽቅብ እንደ ምንም ትወጣው ነበር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ግን እዚያ ስትደርስ ዝቅ ታደርገዋለች።

“ምነው?” እላታለሁ።

“እንዲሁ፣ አባዬ።”

“ጉሮሮሽን አመመሽ?”

“አይ።”

“ማር ላምጣ?”

“አባዬ፣ ደህና ነኝ አልኩህ እኮ!”

ማር አመጣሁ። ሐኪም ቤትም ልወስዳት ነበር፣ እናትሽ ናቸው የከለከሉኝ። እንዲያውም ኦዲሊያ ነገሩን ወደኔ አዙራ “አንተስ ኩሽና ውስጥ የምታንጎራጉረው ምንድነው? ዜማ የለውም እኮ” አለችኝ። ዜማውን ረሳሁት አልኳት።

ሦስተኛ፣ ዓርብ ጠዋት። ቅድስት ሴሲሊያ። ከተማው ገና ጎህ ሲቀድ ለቅድስቲቱ ዘምሮላት፣ ታማሌውን በልቶ፣ ወደ አደባባዩ እየጎረፈ ነው። እናትሽ የኔን የመድረክ ኮት፣ የቻሮውን፣ ቁልፎች እየሰፉ ተቀምጠዋል፣ እኔ በሸሚዝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው፣

“አቡንዲዮ፣ አንተ ጆሮህ የተሠራው ለጊታር ብቻ ነው?” አሉኝ።

“ምን ሆነ ደሞ?”

“ልጅቷ ያንን ልጅ ትወደዋለች።”

“የቱን ልጅ?”

“ፍየሉን ነዋ!”

ተቀመጥኩ። ወንበር አልነበረም፣ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ሰበርኩት፣ ሌላ እገዛለሁ።

“እሱም ይወዳታል” አሉ እናትሽ መርፌውን እየሰኩ። “ገበያው ጀርባ ባለው የበቆሎ መጋዘን አብረው ይለማመዳሉ። እሱ አይደለም ችግሩ። ችግሩ ቦታውን ልትለቅለት ነው።”

“ምን ማለት ነው ልትለቅለት?”

“መጨረሻውን ዝቅ አድርጌ እዘፍናለሁ፣ እሱ ይሂድ ብላኛለች። ‘የሱ አባት ከጡሩምባ በቀር ነገር አይገባውም፤ ይሄ ካመለጠው ማንም ትምህርት ቤት አይልከውም፣ እኔ አባዬ አለኝ’ ብላ።”

“እና ዛሬ ነው የሚነግሩኝ?”

“አስምላኛለች! እስከ ዛሬ መሐላዬን ጠብቄያለሁ። ዛሬ ግን የቅድስቲቱ ቀን ነው፣ ለሷ ስል አፈረስኩት።”

ሮጬ ወጣሁ፣ ግን ኦዲሊያን የት ላግኛት? ተወዳዳሪዎቹን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘግተውባቸዋል። ደወሉ ተደወለ። ጊታሮኔን አንግቤ መድረኩ ላይ ወጣሁ። አስቢው፣ ሆዴ ከጊታሮኑ ሆድ በላይ ተነፍቶ።

እና ማን አጠገብ ቆምኩ መሰለሽ? በቅድስት ሴሲሊያ ቀን የኛ ቡድን የናንተ ቡድን የለም፣ ሁሉም ሙዚቀኛ አንድ ላይ ተደባልቆ ነው ለቅድስቲቱም ለልጆቹም የሚጫወተው። በዕጣ ከጎኔ የመጣው ሮሄሊዮ ባራሓስ ነው፣ ትንሿን ጊታሩን ይዞ። ጡሩምባ ነፊያችንን በሰርግ መሃል አባብሎ ከወሰደብን ጀምሮ እግዜር ይስጥልኝ ተባብለን አናውቅም። አንገቴን ቀና አድርጌ ወደ ፊት አየሁ። እሱም ቀና አድርጎ ወደ ፊት አየ። ሁለት ሐውልት።

ቲኖ ቀድሞ እንዲዘፍን ዕጣ ደረሰው። ወጣ፣ ለቅድስቲቱ ሐውልት ሰገደ፣ ወደኛ ዞሮ ዝግጁ ነኝ አለ።

አሁን የሆነውን እነግርሻለሁ። የወንዝ ማዶው በጊታሮን ብቻ እንደሚጀምር ታውቂያለሽ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ከዚያ ሁሉም እኔን ተከትሎ ይገባል። እኔ በየትኛው ቶን፣ በየትኛው የድምፅ ከፍታ ከጀመርኩ ከተማው በዚያ ይሄዳል። የወንድ ቶን ሌላ፣ የሴት ቶን ሌላ፤ ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። ግን ይሄ እጅ ከዝናቡ ወራት ጀምሮ ከኦዲሊያ ጋር የከረመ እጅ ነው። ሐሳቤ ደሞ እዚያ የለም፣ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ነው፣ እናትሽ ፊት።

ጀመርኩት። በኦዲሊያ ቶን።

ቫዮሊኖቹ ተከተሉኝ። ጡሩምባዎቹ ተከተሉኝ። ለቅድስቲቱ የተጀመረ ዘፈን ደግሞ፣ ጣሪያ ቢወድቅ አይቋረጥም። ሮሄሊዮ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አናገረኝ፣ ከስንት ዓመት በኋላ።

“አቡንዲዮ፣ ምን እያደረግክ ነው?”

“ተሳሳትኩ።”

“አትዋሸኝ! ልጄን አንቀህ ልትገድለው ነው!”

“ተሳሳትኩ እኮ ነው የምልህ!”

“ፈገግ በል፣ ካህኑ እያዩን ነው።”

ሁለታችንም ፈገግ አልን። ላቤ ጀርባዬን ይወርዳል። ያ ዜማ በዚያ ቶን በወንድ ልጅ ጉሮሮ አይደረስበትም፤ ቢሞክረው ይሰነጠቅና ሰው ፊት ይዋረዳል። ቲኖ ዞር ብሎ አየኝ። ተናዶ መሰለሽ? አይደለም። እንደሚያስብ ሰው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ከታች ገባ።

ከታች፣ ኩካ። ሁለተኛውን ድምፅ። የኔን መስመር።

አደባባዩ ግራ ገባው። ከላይ ባዶ ነው፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ እንደሌለው ቤት። አንድ ሽማግሌ “ልጁ ዜማው ጠፋበት” ሲሉ ሰማሁ። እኛ ሙዚቀኞቹ ግን ተያየን። ምክንያቱም አንዲት ኖታ አልሳተም። ሁለተኛ ድምፅን ብቻውን ተቀምጦ የሚያጠና ሰው የለም። ከላይ የሚዘፍንልሽ ሰው ከሌለ አታውቂውም፣ የት እንደምትተነፍሺ እንኳን አታውቂም። ይሄ ልጅ የት እንደሚተነፍስ ያውቃል። የሚዘፍነው ከአንድ ሰው በታች ነው፣ ያ ሰው ግን አሁን የለም።

ከዚያ ተወዳዳሪዎቹን ከቤተ ክርስቲያኑ አውጥተው ካስቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ድምፅ መጣ።

*ከወንዝ ማዶ ሆነሽ ድምፅሽ ይሰማኛል፣
ጀልባ ነው ያጣሁት፣ ልቤስ ቀድሞኛል።*

ኦዲሊያ! እንዲነሱ አልተፈቀደላቸውም፣ ተነስታለች። ተራዋ አይደለም፣ እየዘፈነች ነው። እየተራመደች መጣችና አጠገቡ ቆመች፣ አላየችውም፣ እሱም ዓይኑን አልገለጠም። ድምፃቸው እንደ በርና መቃን ገጠመ። ሮሄሊዮ ጊታሩን መምታቱን ሊረሳ ምንም አልቀረው።

“ይሄ… ይሄ የልምምድ ሥራ ነው” አለኝ።

“ነው።”

“የት ተለማመዱ?”

“የበቆሎ መጋዘን ውስጥ።”

“አንተ ታውቅ ነበር?”

“ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ተጫወት፣ ወደ ኋላ እየቀረህ ነው!”

ሲጨርሱ አደባባዩ በጭብጨባ ፈነዳ። ሴቶቹ እያለቀሱ፣ ልጆቹ እያፏጩ። ኦዲሊያና ቲኖ ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያኔ ነው። ከፀጉራቸው እስከ አንገታቸው ቀሉ።

ከዳኞቹ መሃል ዶኛ ኤሎዲያ ተነሱ፣ የመዘምራኑ አስተማሪ፤ አንቺንም ያስተማሩሽ። መነጽራቸውን አስተካክለው “ቆንጆ ነበር” አሉ። “ግን ውድድሩ ለብቻ ነው። ፋውስቲኖ ባራሓስ ዜማውን ብቻውን አልዘፈነውም። ስለዚህ…” አሉና ቆሙ። ከኋላ አንዱ “አቡንዲዮ ሆን ብሎ ነው!” ብሎ ጮኸ። ሌላውም “ሆን ብሎ ነው!”

እውነቱን ልንገርሽ። ዝም ብል ሁሉ ነገር ያበቃል። ልጁ ይወጣል፣ ኦዲሊያ ዝቅ አድርጋም ብትዘፍን ቦታው የሷ ነው፣ የኔም ጭንቀት ያኔውኑ ያልቃል። ግን ቲኖን አየሁት። በኔ ላይ ጣቱን አልቀሰረም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፣ እንደተቀጣ ተማሪ።

“ዶኛ ኤሎዲያ!” አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፣ ሰው ሳቀ። “ጥፋቱ የኔ ነው። በልጄ ቶን ጀመርኩበት። እጄ ለምዶ ነው፣ በቅድስቲቱ ፊት እምላለሁ። ልጁ በራሱ ቶን ይዝፈን።”

ዶኛ ኤሎዲያ አዩኝ። “አቡንዲዮ፣ ልጅህ ቀጣይዋ ተወዳዳሪ እንደሆነች ታውቃለህ አይደል?”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ጀምር። በደንብ አዳምጠህ ጀምር።”

ጀመርኩ። በሱ ቶን። ያ ልጅ ደግሞ ዘፈነ። ለሮሄሊዮ እንዳትነግሪው እንጂ ጎበዝ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚገባብሽ፣ ከዚያ መውጫ አይሰጥሽም። ሮሄሊዮ አለቀሰ። “ላብ ነው” አለኝ ሳልጠይቀው።

ከዚያ የኦዲሊያ ተራ ሆነ። ወጣች። ፊቷን አየሁት። ያንን ፊት ታውቂዋለሽ፤ ትልቁን ቁራሽ ለሌላ ሰው ትታ “እኔ አልራበኝም” ስትል የምታሳየው ነው። ካንቺ ነው የወሰደችው። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አይቼዋለሁ።

እኔ ደግሞ ምን ልበል? ሰው መሃል፣ ጊታሮን አንግቼ? ዓይኔን አፍጥጬ “አታድርጊው” አልኳት በዓይኔ። እሷ ዓይኔን ነገር የገባበት መሰላት፣ በኋላ ነው የነገረችኝ።

እጄን ለመጀመር ሳነሳ ከጎን በኩል ድምፅ መጣ።

“ጫጩት!”

ቲኖ ነው። ኦዲሊያ ዞረች። ሰው ሁሉ ዞረ።

“ምን አልክ?”

“መጨረሻው ከበደሽ ሲሉ ሰማሁ! ዝቅ አድርጊው፣ አይዞሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ጫጩት ከአጥር በላይ አትበርም!”

አደባባዩ “ኡ!” አለ። ልጁ ጥርሱን ያሳያል፣ ግን ያ ኮፍያ በእጁ ውስጥ እንደ ዳቦ ሊጥ ተጨምቋል። ኦዲሊያ ወገቧን ያዘች። ያ የቁራሽ ፊት ጠፋ፣ በእመቤታችን እምላለሁ፣ ሲጠፋ አየሁት።

“ቁም እዚያው ፍየል! ጆሮህን ክፈትና ቁም!”

ወደኔ ዞረች። “አባዬ፣ ጀምር።”

ኩካ፣ እንዴት ልንገርሽ። ስለ ጀልባው የሚለው ጋ ስትደርስ ለስለስ አደረገችው፣ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ መጨረሻው መጣ። ወጣችው። ወጥታ እዚያው ቀረች። ያዘችው፣ ያዘችው፣ እኛ ታች ሆነን ጠበቅናት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ርግቦች ተነስተው አንድ ዙር ዞረው ተመለሱ፣ እሷ ገና እዚያው ናት። ዶኛ ኤሎዲያ መነጽራቸውን አወለቁ። እናትሽ ከፊት ወንበር ላይ ቆመው “የልጄ ልጅ ናት!” እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይነግራሉ።

ቦታውን አገኘች። ጃንዋሪ ላይ ጓዳላሃራ ትገባለች።

ስሟ ሲጠራ ከሁላችን ቀድሞ የዘለለው ቲኖ ነው። ያንን የተጨማደደ ኮፍያ ወደ ሰማይ ወረወረው፣ ሲመለስ የቅድስት ሴሲሊያ ሐውልት እጅ ላይ ተንጠለጠለ። ካህኑ ሊቆጡ ሞከሩ፣ ሳቃቸው ቀደማቸው። ኮፍያው እስከ ቅዳሴ ሰዓት እዚያው ዋለ።

መድረኩ ጀርባ ጊታሮኔን ሳስቀምጥ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

“አውቀህ ነው አይደል የሰደብከኝ?”

“አንቺስ አውቀሽ አልነበረም ልትሸነፊልኝ የነበረው?”

“ማን ነገረህ?”

“አያትሽ። ትናንት ዳቦ ቤት።”

“አስምያቸው እኮ ነበር!”

“ነግረውኛል። ‘ነገ የቅድስቲቱ ቀን ስለሆነ ከዋዜማው ጀምሮ ይፈቀዳል’ አሉኝ። ስሚኝ ኦዲሊያ፣ ለኔ ብለሽ ዝቅ ብትዪ ኖሮ በሕይወቴ ካንቺ በታች አልዘፍንም ነበር።”

ይሄኔ ሳል መጣብኝና ሳልኩ፣ ሁለቱም በሁለት አቅጣጫ ሮጡ።

አራተኛ፣ ትናንት ቅዳሜ። ይሄ ነው ያንቺን መልስ የሚፈልገው። የበቆሎ ሾርባችንን፣ ፖሶሌ በልተን ገና ሳህን ሳናነሳ በር ተንኳኳ። ሮሄሊዮና ልጁ፣ ሁለቱም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው። ሮሄሊዮ ጉሮሮውን ጠረገና፣

“አቡንዲዮ፣ የመጣነው በባህላችን መሠረት…” ብሎ ቀጣዩ ቃል ጠፋበት። ልጁን በክርኑ ወጋው።

“ዶን አቡንዲዮ” አለ ቲኖ፣ “ኦዲሊያን ቤታችሁ መጥቼ በግልጽ እንድጠይቃት ፈቃድዎን ልለምን ነው። እሑድ እሑድ። በር ክፍት ሆኖ። አያትዋ ባሉበት።”

“አያትዋ ባሉበት?” አልኩት። “ምስጢር እንዲጠበቅ ነው?”

እናትሽ ከኩሽና “ሰማሁህ!” አሉ።

ሮሄሊዮን አየሁትና “ጡሩምባ ነፊያችንን መልስልን፣ ከዚያ እናወራለን” አልኩት።

“ውሰደው!” አለኝ። “በመኪና ስንሄድ ያንኮራፋል። ከመጀመሪያው ብትነግረኝ አልወስደውም ነበር።”

ሳቅን። ተቃቀፍን እንኳን፣ ምን ዋጋ አለው ልደብቅሽ። ለቲኖ ግን መልስ አልሰጠሁትም። “እናቷ ሳትፈቅድ እዚህ ቤት ማንም አይፈቅድም” አልኩት።

“ደብዳቤ ካናዳ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?” አለ።

“በዚህ በረዶ? አላውቅም።”

“እሑድን ያልፋል?”

“ያልፋል።”

ፊቱን ብታይው ታዝኚለታለሽ። ኦዲሊያ በበሩ ስንጥቅ “ፍየል ሳር እስኪበቅል ይጠብቃል” አለችው፣ እሱም “ጫጩት እስክታድግም ይጠበቃል” አላት። ስድቡ ተመልሷል፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ደህና ተኝቻለሁ። ሌላው ደግሞ ዶኛ ኤሎዲያ ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኖታ ማንበብ አስተምረዋለሁ፣ ለሚመጣው ዓመት ይሞክር ብለዋል። ሮሄሊዮም እሺ ብሏል፣ “ትምህርት ቤት ጡሩምባ ካልከለከለው” ብሎ።

እንግዲህ መልስ የምትሰጪኝ እነዚህን ነው። የቲኖን ነገር፣ እሑድ እሑድ ይምጣ ወይስ አይምጣ? የኔን ሐሳብ ካልሽ በር ክፍት ሆኖ ይምጣ፣ ግን አንቺ እምቢ ካልሽ እኔም ከመጀመሪያው እምቢ ብዬ ነበር እላለሁ። ለጓዳላሃራ ብርድ ልብስ ትያዝ ወይስ እዚያ ይሰጣሉ? ያንቺን ሰማያዊ ሻንጣ ብሰጣት ቅር ይልሻል? ጓዳላሃራ ውስጥ መንገድ ስታቋርጥ ማን ያያታል? ይሄ ጥያቄ እንኳን አይደለም፣ ዝም ብሎ ጭንቀት ነው።

ሌላው፣ ባለፈው ስለ ውሉ የጠየቅሽኝ። የምትሠሪበት የቲማቲም እርሻ ሰዎች አንድ ዓመት እንድትጨምሪ ይፈልጋሉ፣ ልፈርም ወይ ብለሽኛል። እንደፈለግሽ ብዬሻለሁ። አሁንም እንደፈለግሽ ነው፣ እኔ የምጨምረው የለም። ጣሪያውንም ቢሆን በባልዲ ችዬዋለሁ።

ኦዲሊያ ትናንት ማታ ሳህን እያጠበች፣ እኔ እንደ ልማዴ ሳንጎራጉር፣ ቆም ብላ አዳመጠችኝ። ሳሙናው ከእጇ ይንጠባጠባል። “አባዬ፣ ዜማውን አልረሳኸውም እኮ” አለች። “አንተ ከታች ነው የምትዘፍነው።” ከዚያ ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። እኔም ቶርቲያውን ሸፈንኩ።

እግዚአብሔር እጅሽን ከብርድ፣ ጉልበትሽን ከቁርጥማት ይጠብቅልኝ። ቅድስት ሴሲሊያ ድምፅሽን እዚያ በረዶ ውስጥ እንዳይደርቅ ታሙቅልኝ። እናትሽ ይመርቁሻል፣ “መሐላ ያፈረስኩት ለበጎ ነው በላት” ብለዋል። ልጅሽ በሁለቱም ጉንጭሽ ትስምሻለች።

መስመሩ ከተስተካከለ በሚመጣው እሑድ ደውይ። ጊታሮኑን አጠገቤ አድርጌ እጠብቃለሁ፣ ስልኩን እናትሽ ይይዙልኛል። በአንቺ ቶን እጀምራለሁ። የት እንደምትገቢ ታውቂያለሽ።

ያንቺው
አቡንዲዮ